ክሪኩ ላይ ያለውን ቁጥር እናንብብ

ባለፈው ሳምንት ስለ ጋሪ ጎማ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ስለ ክሪክ እንነጋገራለን። ክሪክ መኪናን፣ ትራክተርንና ተሳቢን ከመሬት የሚያነሳ መሣሪያ ነው። ጎማ ሲተነፍስ ያለ እሱ አይሆንም።

አንድ ጊዜ ያየነውን እንንገራችሁ። ጊዜው እህል የሚሰበሰብበት ነበር። ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ ዋልካው ጭቃ ሆኗል። ስንዴ የጫነ ተሳቢ እዚያው ጎማው ተነፈሰ። ሰዎቹ የትንሽ መኪና ክሪክ ተውሰው አመጡ። ክሪኩ ተሳቢውን ትንሽ ከፍ አደረገው። ከዚያ ዘመም አለ። ተሳቢው ዱብ! ጎማውን ሊያወጣ የነበረው ልጅ እጁን የሳበው ለጥቂት ነው።

ክሪኩ ላይ 2 ቶን የሚል ተጽፏል። ማንም አላየውም። እስቲ እናስላው። 1 ቶን ማለት 1,000 ኪሎ ነው፤ 10 ኩንታል መሆኑ ነው። ተሳቢው 50 ኩንታል ስንዴ ጭኗል፤ ይህ 5 ቶን ነው። የተሳቢው የራሱ ክብደት 1 ቶን ያህል ነው። ሲደመር 6 ቶን። ጎማው ሁለት ስለሆነ በአንዱ ላይ 3 ቶን ያህል ያርፋል። ከፊሉን ትራክተሩ ቢሸከምም ሂሳቡን በዚህ መያዝ ይሻላል። ታዲያ የ2 ቶን ክሪክ እንዴት ይቻለው? ለእንዲህ ያለ ተሳቢ 5 ቶን የሚል ያስፈልጋል።

የዘይት ክሪክ አለ፤ ጠርሙስ ይመስላል። አጭር ነው፤ ጉልበቱ ግን ብዙ ነው። እጀታው ሲነቀነቅ ውስጡ ያለው ዘይት ተገፍቶ ዕቃውን ያነሳል። ለተሳቢ የምንመርጠው ይህን ነው። ስትገዙ ዘይት እንዳያፈስ እዩ። ረጅም ባለ ጥርስ ክሪክም አለ። እንደ ላንድክሩዘር ያለ መኪና ጭቃ ሲይዘው ከፍ አድርጎ ያነሳዋል። ግን ይወዛወዛል። እጀታው ካመለጠ ተወንጭፎ መንጋጋ ይሰብራል። ፊታችሁን አርቁ።

ቁመቱም ይታሰብ። ጎማ ሲተነፍስ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ብረት፣ አክስሉ፣ ወደ መሬት ይጠጋል። ክሪኩ ሳይዘረጋ እሱ ሥር መግባት አለበት። ጎማው የተነፈሰ ዕለት ከአክስሉ እስከ መሬት ያለውን በእንጨት ለኩ። እንጨቱን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ።

ተሳቢውን ከትራክተሩ አትፍቱት። ከተቻለ ጭነቱን አውርዱ። በደህናው ጎማ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ታኮ አድርጉ። ዋልካ ላይ ከክሪኩ ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። ቡሎኑን የምታላሉት ተሳቢው ከመነሳቱ በፊት ነው። በክሪክ ብቻ ከቆመ ዕቃ ሥር ማንም አይግባ።

በማኅበራችሁ ክሪክ ካለ ዛሬ አውጡት። ዝገቱን በጨርቅ ጠርጉና ቁጥሩን አንብቡ። ቁጥሩ ጠፍቶ ከሆነ ለተሳቢ አትጠቀሙበት።