ወልቂጤ ላይ ዜና ማን ያምናል?

"ውሸታቸውን ነው፣ ሁሉም አንድ ናቸው።" ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ስለ ሚዲያ ስታነሱ የሚመለስላችሁ ይሄ ነው። ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም እዚህ የደረሰው።

የጉራጌ ዞን ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄን ያጸደቀው በኅዳር 2011 ነው። በነሐሴ 2014 ወልቂጤ ሱቋን ዘግታ ቤቷ ዋለች። የካቲት 8 ቀን 2015 ደግሞ ውሃ ጠፋብን ብለው አደባባይ በወጡ ሰዎች ላይ ተተኮሰ፤ 3 ሰዎች መገደላቸውን ኢሰመኮ አሳወቀ። ውሃ ነው እኮ የጠየቁት! በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ስልኩን ከፍቶ "ምን ተፈጠረ?" ሲል ከመግለጫ ውጪ የሚያገኘው ትንሽ ነው። ክፍተቱን ማን ይሞላዋል? የቆየ ቪዲዮ "ሰበር" ብሎ የሚለጥፍ።

ሕጉም ሚዛኑ አልተስተካከለም ባይ ነን። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ 3 ዓመት ያስራል። እሺ፣ ይቅጣ። እያወቀ ዝም ያለ ጣቢያን ግን የሚነካው የለም።

"ሁሉም ይዋሻል" ማለት ብልህነት ይመስላል፤ የሚጠቅመው ግን መልስ መስጠት ያለበትን ባለሥልጣን ነው። ማንንም ካላመንን የኢሰመኮን ሪፖርትም ከአሉባልታው ጋር አንድ ላይ እንጥለዋለን፣ የሟቾቹም ጉዳይ እዚያው ይቀራል። በኢንቦክስ ቪዲዮ ስትልኩልን "መቼ ተቀረጸ? የት ሰፈር?" እያልን የምናደርቃችሁ ለዚህ ነው።