ባለአክሲዮን ሲበደል፦ በባለቤትነት ይከራከራል ወይስ በገዥነት?

ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከአጠቃላይ ድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው የግዥ መጠን ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር። ሽያጩ ሲጠናቀቅ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ባለድርሻ ሆነዋል። ግዥው በቴሌብር የተፈጸመ በመሆኑ ገዥዎቹ አስቀድመውም የድርጅቱ ደንበኞች ነበሩ። አሁን በአንድ እጃቸው የባለቤትነት ማረጋገጫ፣ በሌላው የአገልግሎት ውል ይዘዋል።

በገጠሩ እንዲህ ያለው ጥምር ማንነት አዲስ አይደለም። የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ አርሶ አደር ዕጣ ገዝቶ የማኅበሩ ባለቤት ይሆናል። ከዚያው ማኅበር መጋዘን ደግሞ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ዘይትና ስኳር ይገዛል። ሁሉም በሰላም ሲሄድ ባለቤትና ገዥ መሆን አይጋጩም። ጥያቄው የሚነሳው ሻጩ የገባውን ቃል ሳይፈጽም ሲቀር ነው። ያን ጊዜ አባሉ ወይም ባለአክሲዮኑ የየትኛውን በር ያንኳኳ?

መልሱ ከተጣሰው ግዴታ ይጀምራል። አክሲዮን መግዛት ዕቃ እንደመሸመት አይደለም፤ ገንዘብን ለትርፍም ለኪሳራም አሳልፎ መስጠት ነው። ባለአክሲዮን በጠቅላላ ጉባኤ የመገኘት፣ ድምፅ የመስጠት፣ ትርፍ ተገኝቶ እንዲከፋፈል ሲወሰን ድርሻውን የማግኘት መብት አለው። የ1952ቱን የንግድ ሕግ በተካው በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት መብቱን የሚጠይቀውም በዚሁ መንገድ ነው። ትርፍ አልተከፈለኝም ብሎ ወደ ሸማቾች ጥበቃ ቢሄድ የሄደበት በር የእርሱ አይደለም።

በአንጻሩ ያው ሰው ከድርጅቱ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲገዛ እንደማንኛውም ገዥ ነው። ባለድርሻነቱ መብቱን አይቀንስበትም፤ አይጨምርለትምም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው። ሻጩ ካልፈጸመ ገዥው ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። የስልክ ወይም የኢንተርኔት አገልግሎት ቅሬታም መጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪው ይቀርባል፤ መፍትሔ ካልተገኘ ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያመራል። በዚህ ጉዞ አክሲዮን ያለውና የሌለው እኩል ናቸው።

ልዩነቱ ዋጋ የሚያስከፍለው ድርጅቱ ሲዳከም ነው። ኩባንያ ሲፈርስ በቅድሚያ የሚከፈለው ዕዳ ነው፤ ለባለአክሲዮኖች የሚደርሰው ከዕዳ የተረፈው ብቻ ነው። ቅድሚያ ከፍሎ ዕቃውን ያልተረከበ ገዥ ባለዕዳ አለው፤ ባለአክሲዮን ግን የሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ «ያስያዝከውን ገንዘብ ወደ አክሲዮን እንለውጥልህ» የሚል ሐሳብ የቀረበለት ደንበኛ ከመፈረሙ በፊት ደጋግሞ ሊያስብበት ይገባል። ፊርማው ከአበዳሪነት ወደ ባለቤትነት ያሻግረዋል፤ ኪሳራውንም አብሮ ያሸክመዋል።

ለአርሶ አደሩ ግን ገዥ መሆን ብቻውን በቂ ጥላ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ለማምረት ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን አይጨምርም። ከማኅበሩ ሱቅ ለቤቱ ዘይት የገዛ አባል ያለጥርጥር ሸማች ነው። ለማሳው ዘር ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር የገዛው ግን በዚህ ትርጉም መሠረት ከጥበቃው ውጭ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሸማች ነው ቢባል እንኳ ጊዜው አያመቸውም። አዋጁ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ዋጋው እንዲመለስ ለመጠየቅ የሰጠው ጊዜ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን ነው። የበቆሎ ዘር በሚያዝያ ወይም በግንቦት ተገዝቶ ዝናብ ይጠብቃል። አለመብቀሉ የሚታየው ከተዘራ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ቆይቶ ነው። ዝናቡ ጥቂት ከዘገየ የአዋጁ ቀን ዘሩ አፈር ሳይነካ ያልፋል።

ስለዚህ የአርሶ አደሩ ዋነኛ መከታ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ክፍል ነው። ይህ ሕግ ገዥው የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝ ወዲያውኑ ለሻጩ እንዲያስታውቅ፣ ክሱንም ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ደግሞ በአባሉና በማኅበሩ መካከል የሚነሳ አለመግባባት በቅድሚያ በዕርቅ፣ ካልሆነም በግልግል የሚታይበት መንገድ አለ። አባሉ በዚህ ላይ ሌላ ኃይል አለው፤ በማኅበር የዕጣው ብዛት ምንም ይሁን ምን አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። ጥራት የሌለው ግብዓት ያቀረበን አመራር በጉባኤ ተጠያቂ ማድረግ ይችላል። ይህ ግን ለመጪው ዓመት ይጠቅማል እንጂ ያለፈውን ክረምት አይክስም።

ካሳ የሚገኘው በማስረጃ ነው። ደረሰኙ፣ የዘሩ ከረጢት ከነመለያ ጽሑፉ፣ ከተዘራው የተረፈ ጥቂት ዘር መቀመጥ አለባቸው። ማሳው ሳይገለበጥ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ አይቶት ያየውን በጽሑፍ ቢያሰፍርና ቢፈርምበት ይበጃል። ለሻጩ የሚሰጠው ማስታወቂያም በጽሑፍ ሆኖ ቅጂው ከገዥው ዘንድ ይቅር። ማሳው እንደገና ታርሶ ሌላ ሰብል ከተዘራበት በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ የሚያየው ምስክር አይኖረውም።

ኅብረተሰቡ ባለድርሻ የመሆን ዕድሉ እየሰፋ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በ2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ሕጉ ግን ለምርቱ ግብዓት የሚገዛውን አርሶ አደር ከሸማች ጥበቃ ደጃፍ ውጭ አቁሞታል። አንድ ወቅት ያመለጠው ገበሬ ዓመት ሙሉ የሚከፍለው ዕዳ ስላለበት፣ ሕግ አውጪዎች የግብዓት ገዥን እንደ ሸማች ሊያዩት፣ የአቤቱታ ጊዜውንም ከደረሰኙ ቀን ሳይሆን ከዘሩ መብቀያ ጊዜ ጋር ሊያዛምዱት ይገባል።