ተግባረ እድና የቤት ጌጥ

የክረምቱ ዝናም ሊያባራ፣ ዐዲሱም ዓመት ሊጠባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ በየከተማው ያለው ቤተ ሰብ ግድግዳውን የሚያጸዳበት፣ ምንጣፉን የሚያራግፍበት፣ ዓመቱን ሙሉ ጢስና አቧራ የጠጣውን መጋረጃ አውርዶ በምን እንደሚተካው የሚመካከርበት ወራት ይመጣል። ሰው የዘመኑን መለወጥ በማደሪያው መታደስ ማክበሩ ደግ ሥርዐት ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ይህ ደግ ሥርዐት ከጊዜ ወደ ጊዜ የመግዛት ሥርዐት ብቻ እየሆነ መሄዱ፣ የዕቁቡ ብር ለሚያብረቀርቅ መጋረጃና ለሶፋ ልብስ ወጥቶ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ በብድር የሚገዛበት ቤት መኖሩ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የማሳስበው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም የቤታችን ጌጥ ከመርካቶ በፊት በገዛ ሣጥናችን ውስጥ ይፈለግ፣ በሣጥኑ ያለውም ጨርቅ የሰው ጻማ ያረፈበት ነውና እስከ መጨረሻዋ ክር ድረስ ያገልግል የሚል ነው።

የጨርቅን ድካም እናቶቻችን በጣታቸው ያውቁት ነበር። አንድ ጋቢ በሰው ትከሻ ላይ ከመዋሉ በፊት ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ይፍታታል፤ ከዚያም የሴቶች እጅ በእንዝርት ላይ ዕለት ዕለት እየደከመ ልቃቂት እስኪሆን ድረስ ይፈትለዋል፤ ልቃቂቱም ለሸማኔ ተሰጥቶ፣ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ የዶርዜ ጠበብት ሲሠሩ እንደምናየው፣ ሸማኔው እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ መርገጫውን እየረገጠ፣ በእጁም መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደደ ድርና ማጉን ያዋሕደዋል። እንዲህ ተለፍቶበት፣ አራት እጥፍ ሆኖ የተዘጋጀ ጋቢ መካከሉ ስለ ሳሳ ብቻ ከጥራጊ ጋር ቢጣል፣ የፈታዪቱና የሸማኔው ወራት አብሮ ተጣለ ማለት ነው።

ተግባረ እድን ማቃለል በአገራችን የቆየ ደዌ ነው፤ ለብሰነው የምንከብርበትን ልብስ የሚሠራልንን ሰው ስንንቅ ኖረናል። ቅዱስ መጽሐፍ ግን እንዲህ አላስተማረንም። ኦሪት ዘፀአት የደብተራ ኦሪትን አሠራር ሲተርክ፣ በባስልኤልና በኤልያብ ላይ የጥበብ መንፈስ እንዳደረ፣ ልባቸው የተነሣሣ ሴቶችም በገዛ እጃቸው ፈትለው ሰማያዊውንና ሐምራዊውን፣ ቀዩንና ጥሩውን በፍታ እንዳቀረቡ ይናገራል፤ መጋረጆቹም ዐሥር ሲሆኑ የእያንዳንዱ ርዝመት 28፣ ወርዱ 4 ክንድ ነበረ፤ አምስቱ ለብቻ፣ አምስቱ ለብቻ ከተጋጠሙ በኋላ በየጫፋቸው 50 ቀለበት ተበጅቶላቸው በ50 የወርቅ መያዣ ተያይዘው አንዲት ማደሪያ ሆኑ። ልብ ብለን ብንመለከት፣ ለእግዚአብሔር ክብር የተተከለችው ድንኳን እንኳ እርስ በርሱ ከተጋጠመ ጨርቅ የተሠራች ናት፤ ሕዝቡም ከየቤቱ ያለውን አምጥቶ ከሥራው ስለ በለጠ ሙሴ በቃችሁ ብሎ እስከ ማስቆም ደረሰ። ቤተ ክርስቲያናችንም መልአኩ ለእመቤታችን ብሥራቱን ሲያደርስላት ለቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበር ታስተምራለች። ክርና መርፌ ከዚህ የሚበልጥ ምን ክብር ይሻሉ?

ይሁን እንጂ መቀስ ከማንሣታችን በፊት ልንጠብቀው የሚገባን ሥርዐት አለ። መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል አዝዟልና፣ ገና ሊለበስ የሚችል ልብስ አስቀድሞ ወደ ታረዘው ይሂድ፤ እርሱን ቀድዶ ቤት ማስጌጥ ጌጡን ነውር ያደርገዋል። ለመቀስ የሚገባው ክርኑ የተቀደደ ሸሚዝ፣ መካከሉ የሳሳ አንሶላ፣ ገላው አልቆ ጥለቱ ብቻ የቀረ ነጠላ ነው፤ ከዚህም የሚተርፈው ብጥስጣሽ ትራስ ይሞላበታል፣ ወለል ይወለወልበታል።

የሥራው መጀመሪያ ማጠብ ነው። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፣ ዐዲስ አቡጀዲ ገዝቶ ሳያጥብ የቈረጠ ሰው መጋረጃው ኋላ ከመስኮቱ ያጥርበታል፤ እንግዲህ አስቀድሞ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ተኩሶ መለካት ይገባል። አሮጌውንም ጨርቅ ዘርግቶ ወደ ብርሃን ቢያነሡት የሳሳው ከጠነከረው ተለይቶ ይታያል። ለመለኪያው ምልክት የሚገዛ ነገር የለም፤ ልብስ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት፣ ከእጥበት የተረፈች ቀጭን የሳሙና ቁራጭ መስመሩን አሳምራ ታሰምራለች፣ በውሃም ትጠፋለች።

ለጀማሪ እጅ ከሁሉ የሚቀለው ከአሮጌ ሸሚዝ የሚሠራው የትራስ ልብስ ነው። ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትራስ፣ ሸሚዙ ቁልፎቹ እንደ ተቈለፉ ተዘርግቶ ከደረቱ 43 በ43 ሴንቲ ሜትር፣ ከጀርባውም የዚያኑ ያህል ይቈረጣል፤ በሚቈረጥበት ጊዜም የስፌቱ መስመር በቁልፍ ላይ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ቁራጮች መልካም ገጽ ፊት ለፊት ተጋጥሞ ዙሪያውን በሙሉ ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገባ ብሎ ይሰፋል፤ በመጨረሻም ቁልፎቹ ተፈትተው በዚያው በደረቱ በኩል ሲገለበጥ የትራሱ ልብስ ከነመክፈቻው ተዘጋጅቶ ይገኛል። ዚፕ መግዛትም፣ ዚፕ መግጠምም የለም፤ በእጅ መርፌ ቢሰፋ እንኳ ከአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልፍ ሥራ አይደለም።

አንሶላም ሲያረጅ የሚሳሳው ሰው የሚተኛበት መካከሉ ነው፤ ዳርና ዳሩ ግን እንደ ጠነከረ ይቈያል። እንዲህ ያለውን አንሶላ ቁመቱን ተከትለው ከመካከሉ ለሁለት ከፍለው፣ ቀድሞ ዳር የነበሩትን ሁለቱን ጠርዞች እርስ በርስ ገጥመው በመካከል ቢሰፏቸው፣ የሳሳው ወደ ዳር ይወጣል፤ ዐዲሱ ዳር ከተዘመዘመም አንሶላው ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ከዚህ የባሰ ያረጀ ከሆነ ደግሞ የጠነከረው ክፍል ተለይቶ የጠረጴዛ ልብስ ወይም የመጋረጃ ገበር ይሆናል።

በመጋረጃው ላይ ጥቂት ልቈይ፤ ቤትን ፈጥኖ የሚለውጠው እርሱ ነውና። መጋረጃ ሽክሽክ ብሎ እንዲወርድ የጨርቁ ወርድ ከመስኮቱ ወርድ አንድ ጊዜ ተኩል እስከ ሁለት ጊዜ ሊሆን ይገባል፤ ወርዱ 120 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መስኮት ከ180 እስከ 240 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከላይ ዘንጉ የሚያልፍበት ሽምቅቅ ይሰፋለታል፤ ከታችም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰፋ ተደርጎ ቢታጠፍ የእጥፋቱ ክብደት ጨርቁን ወደ ታች ስቦ ያቀናዋል። ለዚህ ሁሉ ተራው አቡጀዲ ይበቃል፤ ነገር ግን ብቻውን ሲሆን ጭር ያለ ስለሚመስል ግርማ የሚሰጠው ከአሮጌ ነጠላ የሚወሰደው ጥለት ነው። የነጠላው ገላ ቀጭን ስለ ሆነ ፈጥኖ ያልቃል፤ ጥለቱ ግን በቀለም ክር ተጠቅጥቆ የተሸመነ ስለ ሆነ ከገላው በኋላ ብዙ ዘመን ይኖራል። ይህን ጥለት ከነጩ ጨርቅ ሁለት ጣት ያህል አስተርፎ ቈርጦ፣ ነጩን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ከመጋረጃው እጥፋት በላይ መስፋት ነው፤ ቀለሙ እንዳይለቅ ግን አስቀድሞ በረጠበ ነጭ ጨርቅ አሸት አድርጎ መፈተን ይገባል። በአንዲት ዘመዳችን ቤት የእናትዮዋ የነጠላ ጥለት በመስኮቱ ግርጌ ዞሮ ባየሁ ጊዜ፣ በብዙ ብር ከተገዛ መጋረጃ ይልቅ ያን ቤት የአንድ ቤተ ሰብ ቤት ያደረገው እርሱ እንደ ሆነ ተሰምቶኛል።

የጋቢውም ነገር እንዲሁ ነው። አራት እጥፍነቱ ሙቀትን ስለሚመክት፣ ያልሳሳው ክፍል በመዳፍ ልክ ተቈርጦ ዙሪያው ቢዘመዘም የድስት መያዣ ይሆናል፤ በረዥሙ ተሰፍቶ፣ በብጥስጣሽ ተሞልቶ፣ ጫፍና ጫፉ ሲገጠምም ጀበና የሚያርፍበት ማቶት ይወጣዋል።

ልዩ ልዩ ቁራጭ ገጣጥሞ መስፋት የድህነት ምልክት የሚመስላቸው ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ ድሪቶ በእኛ አገር የድሀና የመናኝ ልብስ ሆኖ ኖሯልና። ነገር ግን በአሜሪካ በአላባማ ግዛት፣ ወንዝ በሚከባት ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር፣ የቀድሞ ባሮች ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር እናቶች ልጆቻቸውን ከብርድ ለማዳን ካረጀ የእርሻ ሱሪና ከተቀደደ ሸሚዝ ገጣጥመው የሰፏቸው የብርድ ልብሶች፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር፣ ከዚያም በኒው ዮርክ በዊትኒ ቤተ መዘክር እንደ ታላላቅ ሥዕሎች ተሰቅለው ታይተዋል፤ በ2006ም በአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጥተዋል። እነዚያ እናቶች ጨርቅ የሚመርጡበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ዐይናቸው ግን የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ ሊያድር እንደሚገባው ያውቅ ነበር። ማስተዋል የሚሰለጥነውም እጅ ሲሠራ ነው።

ጊዜ የለንም የሚሉ አሉ፤ ቃላቸውም እውነት ነው፤ ጧት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሠራተኛ መጋረጃ ስፋ ቢሉት ሊከብደው ይችላል። ለዚህ ሰው በየመንደሩ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ አለለት፤ ቀጥ ያለ ስፌት ለባለሙያው የአፍታ ሥራ ስለ ሆነ ዋጋው ቀላል ነው፣ የሚከፈለውም ለጎረቤት እንጀራ ይሆናል። መርፌው ግን ከቤት ጨርሶ መውጣት የለበትም፤ ለሴቶች ልጆች ብቻ የተተወ ባልትና ሆኖ መቅረትም የለበትም። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ተቀምጦ ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ ባልና ሚስት፣ ሐዋርያም አንድ ሥራ ላይ መዋላቸውን መጽሐፍ ያለ አንዳች ኀፍረት ጽፎልናል።

እንግዲህ አባትም እናትም ከበዓሉ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ለይተው፣ ወንዱንም ሴቱንም ልጅ አስቀምጠው፣ ከአሮጌ ሸሚዝ አንዲት የትራስ ልብስ ቢያሰፉ መልካም ነው። ልጁ በመጀመሪያ ስፌቱ ይጠምበታል፣ ክሩ ይበጠስበታል፣ ተርትሮም እንደገና ይጀምራል፤ በዚህም አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ስንት ትዕግሥት እንደምትጠይቅ ይማራል። ሸማኔንና ልብስ ሰፊን መናቅ ይቅር ብለን ስንመክር ኖረናል፤ ምክሩ ብቻውን ግን ብዙ ፍሬ አላፈራም። በገዛ እጁ ሰፍቶ ያየ ልጅ ግን የባለእጅን ጻማ በራሱ ጣት ስለሚያውቀው፣ ለክብሩ ሌላ መካሪ አያሻውም።