ሒሳብ ሲዘጋ ስም አብሮ አይዘጋ

ሽሮ ሜዳ ላይ የጥምቀት ገበያ የሚጀምረው በጥምቀት ሰሞን አይደለም። ለበዓሉ የሚሸጠው ቀሚስና ኩታ ድሩ የሚዘረጋው ከብዙ ሳምንታት በፊት ነው። ሸማኔው ክር መግዛት አለበት፤ የጥለቱን ክር መግዛት አለበት፤ የቤት ኪራዩ ደግሞ በዓል እስኪደርስ አይጠብቅም። ገንዘቡ የሚመለሰው ልብሱ ሲሸጥ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ብድር ነው፦ ከዘመድ፣ ከእቁብ፣ ከክር ነጋዴ በዱቤ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከስልክ።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድርና ሒሳብ ሲያጥር የጎደለውን የሚሞላውን «እንደኪሴ» አመጣ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም በ«ሚቹ» ያለ መያዣ ማበደር ጀመረ። ካርታ ለሌለው፣ ሊብሬ ለሌለው የጉለሌ ነዋሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባንክ ቤት ደጅ የማያውቀው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ «ታማኝ ነህ» ተባለ።

ነገር ግን መያዣው ጨርሶ አልቀረም፤ መልኩን ቀየረ። አሁን የሚያዘው የሰውየው ልማድ ነው። ስንት ጊዜ ከፈለ፣ ስንት ላከ፣ ስንት ተቀበለ፣ ያለፈውን ብድር በቀኑ መለሰ ወይ? ይህ ሁሉ ተደምሮ ነጥብ ይሆናል፤ ነጥቡም የብድሩን መጠን ይወስናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሳው ጥያቄ አለ። አንድ ሰው ተበድሮ፣ በቀኑ ከፍሎ፣ «በቃኝ» ቢል ያ መልካም ስሙ የት ይሄዳል?

አሜሪካ ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ጥያቄ በሌላ መልኩ ሰምቶት ይሆናል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ክሬዲት ካርዳቸውን ከፍለው ከጨረሱ በኋላ መዝጋት ይፈራሉ። «ነጥብህ ይወርዳል» ይባላሉ። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ፋይኮ በተባለው ስሌት 35 በመቶው የሚመዘነው በአከፋፈል ታሪክ ነው፤ 30 በመቶው ባለው ዕዳ፣ በተለይም ከተፈቀደው ጣሪያ ስንቱ እንደተነካ በማየት፤ 15 በመቶው በታሪኩ ዕድሜ። ሁለት ካርድ ያለው፣ እያንዳንዱ 5 ሺህ ዶላር የተፈቀደለት ሰው 2 ሺህ ዶላር ዕዳ ቢኖርበት ከጣሪያው የነካው 20 በመቶውን ነው። ባዶውን ካርድ ሲዘጋ ዕዳው ሳይጨምር ቁጥሩ 40 በመቶ ይሆናል። ነጥቡ የሚወርደው በዚህ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በመልካም ሁኔታ የተዘጋ ካርድ ታሪኩ ወዲያው አይጠፋም፤ እስከ 10 ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል። ዘግይቶ የመክፈል ጥፋት በአንጻሩ ከ7 ዓመት በኋላ ይሰረዛል። ያ ሥርዓት ብዙ እንከን አለበት፤ ሰውን ዕድሜ ልኩን ከካርድ ጋር የሚያቆራኝ ነው። ቢሆንም መልካም ሥራ ከጥፋት የበለጠ ዕድሜ እንዲኖረው አድርጓል።

ወደ ሽሮ ሜዳ እንመለስ። አንድ ሸማኔ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ከዚያም ለገናና ለጥምቀት በስልኩ ተበደረ እንበል። ሁሉንም በቀኑ ከፈለ። በዐቢይ ጾም ገበያው ሲቀዘቅዝ መበደር አቆመ፤ ክፍያውንም በጥሬ ገንዘብ ማድረግ ጀመረ። ልማድን የሚቆጥር ስሌት ጨዋነቱንና መጥፋቱን እንዴት ይለያል? ወይም ስልኩ ተሰርቆ ቁጥሩን ቀየረ እንበል። ወይም የተሻለ ዋጋ ያለው ሌላ አበዳሪ አገኘ። ያ ሁሉ በቀኑ የተከፈለ ብድር አብሮት የሚሄድበት መንገድ ከሌለ፣ አዲሱ ደጅ ላይ ሲደርስ እንደማንም መንገደኛ ነው።

እርግጥ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ መዝገብ አለው፤ ባንኮችም ከማበደራቸው በፊት ያዩታል። በሕዝቡ ዘንድ ግን ይህ መዝገብ የሚታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያልከፈለ ሰው የሚያዝበት ወጥመድ ተደርጎ። የከፈለ ሰው የሚኮራበት የምስክር ወረቀት ተደርጎ የሚያየው ጥቂት ነው።

እቁብ በዚህ ረገድ ከዘመናዊው ስሌት ይበልጣል። ዕጣውን ቀድሞ የወሰደ ሰው ዋስ ጠርቶ እስከ መጨረሻው ከጣለ፣ እቁቡ ሲፈርስ ስሙ አብሮ አይፈርስም። ዳኛው ያስታውሰዋል፤ ጸሐፊው ያስታውሰዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ እቁብ ልግባ ቢል «እሱማ ቃሉን ጠባቂ ነው» የሚል አይጠፋም። የእቁብ ጉድለቱ ይህ ምስክርነት ከሰፈር አለመውጣቱ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ቃሊቲ የተዛወረ ሰው ምስክሮቹን ጭኖ መሄድ አይችልም። ቴክኖሎጂ ሊጨምርልን የሚገባው ይህንኑ ነበር፤ የሰፈሩን ምስክርነት አገር አቀፍ ማድረግ።

አበዳሪዎች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ። «የቆየ መረጃ የዛሬውን አቅም አያሳይም» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት የከፈለ ዛሬ ሊቸገር ይችላል። ነገር ግን የቆየ መረጃ ክብደቱ ይቀንስ ማለትና ይጥፋ ማለት ለየቅል ናቸው። ሌላው ስጋት የግል ገመና ነው። መበደሩን ማንም እንዲያውቅበት የማይፈልግ ሰው አለ፤ መብቱም ነው። ስለዚህ ታሪኩ ይዛወር ወይ የሚለውን መወሰን ያለበት ባለቤቱ ነው፤ ኩባንያው አይደለም።

ለዚህ የሚሆን መሠረት አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማስታረም መብት ሰጥቶታል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ፋይዳ በእጃችን ገብቷል፤ ባንኮችም ለሒሳብ መክፈቻ እየጠየቁት ነው። የብድር ታሪክ ከሲም ካርድ ተላቆ ከሰውየው ጋር የሚጣበቅበት ዘዴ አልታጣም።

የቀረው ሥራ ውስብስብ አይደለም። ብድሩን የጨረሰ ሰው መጨረሱን የሚያሳይ ማረጋገጫ ሳይለምን ይድረሰው። አነስተኛው የስልክ ብድርም በቀኑ ሲከፈል እንደ ትልቁ ሁሉ በመልካም ይመዝገብ። ተበዳሪው ነጥቡን፣ ለምን ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለም፣ በሚገባው ቋንቋ ይወቅ። ፈቅዶ ሲጠይቅም ታሪኩን ወደ ሌላ አበዳሪ ይዞ ይሂድ።

ይህ ካልሆነ ተበዳሪው አንድ ክፉ ትምህርት ይማራል፦ ታማኝ ሆኖ ለመታየት ሁልጊዜ ባለዕዳ መሆን አለብኝ የሚል። ሳያስፈልገው ይበደራል፤ የአገልግሎት ክፍያና ወለድ ይከፍላል፤ ስሙ እንዳይጠፋ ብቻ። ሸማኔው ያንን ገንዘብ ክር ቢገዛበት ይሻለው ነበር።

ዕዳን ከፍሎ መጨረስ በአገራችን የክብር ነገር ነው። ስሌቱም ይህን ክብር ይቁጠርለት።