የማይታየው የባሕር አዝመራ

በላፍቶ በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ በዋልታ አገር ፀሐይ ለወራት ካልወጣች፣ ዓሣው ምን ይበላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። መልሱ ግን እስከ ጣና ድረስ የሚወስደን ነውና እስቲ አብረን እንመልከተው።

እንደ የብስ ሁሉ ባሕርም አዝመራ አለው። ይኸውም ፕላንክተን የሚባሉት፣ ከውሃው ጋር የሚንሳፈፉ፣ ብዙዎቹ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። አረንጓዴዎቹ እንደ ሰብል በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ጥቃቅን እንስሳት እነርሱን ይበላሉ፤ ዓሣ ደግሞ እንስሳቱን ይበላል።

አዝመራው ብርሃንና ማዳበሪያ ይሻል። በዋልታ ባሕር በጨለማው ወራት ማዕበልና ብርድ ውሃውን እያማሰሉ ናይትሬትና ፎስፌት ከጥልቁ ወደ ላይ ያወጣሉ፤ ብርሃን ግን የለም። ፀሐይ ተመልሳ በረዶው ሲቀልጥ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ባሕሩም በጥቂት ሳምንት ይለመልማል። ማዳበሪያው ሲያልቅ ልምላሜው ይቀንሳል። ኮፔፖድ የሚባሉት ጥቃቅን እንስሳት በጥጋቡ ጊዜ ስብ ያከማቻሉ፤ ጨለማው ሲመጣም ጎተራውን እንደ ሞላ ገበሬ፣ ወደ ጥልቁ ወርደው በስባቸው ይከርማሉ። የተማሪዬ መልስ ይህ ነው።

«ጣና ግን ፀሐይ አጥቶ አያውቅም» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። ከመንገድ ዳር ጎርፍ በብርጭቆ ይቅዱና ጣትዎን ከበስተኋላው ያድርጉ፤ አይታይዎትም። ብርሃንም እንደዚሁ ወደ ሐይቁ መግባት ያቅተዋል። ጎርፉ ማዳበሪያ ያመጣል፤ መስኮቱን ግን ይዘጋል። አያሌው ወንዴና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደ ተገለጸው፣ የሐይቁ ምርት ከፍ የሚለው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ግድም ነው።

የዋልታውን ጨለማ ማንም አይከለክለውም። የጣናው ጨለማ ግን በከፊል የእጃችን ሥራ ነው። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት ከ8 እስከ 9 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ የገባውን ደለል ነፋስ እያስነሣ ደግሞ ያደፈርሰዋል።

ከአንባቢዎቼ መካከል ነገ በግብርና መሥሪያ ቤት የሚቀመጥ አይጠፋም። በጎጃምና በጎንደር ተዳፋት ላይ ስለሚሠራ እርከን ወረቀት ሲቀርብለት፣ የሚፈርመው ለገበሬው ማሳ ብቻ ሳይሆን ለዓሣ አጥማጁም መረብ መሆኑን ያስብ።