ስለ አራስና ስለ አባት ዕረፍት

ክቡራን ሹማምንትና የሰፊ እርሻ ባለቤቶች ሆይ፤ ሴት ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ገንፎ መገንፋት፥ አራሷንም ከሥራ ማሳረፍ የቆየ ልማዳችን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህንኑ አጽንቶ፥ ለእናት ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ሰጥቷታል። ለአባት ግን የሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ እንደ እኔ ላለው ጸሐፊ 10 የሥራ ቀን ፈቅዶ ነበር። ወረቀት ለሚገለብጥ 10፥ ቡና ለሚለቅም 3 መሆኑ በምን ሚዛን ነው?

ባለ እርሻው «በለቀማ ወራት ሰው ያጥረኛል» ይል ይሆናል። ነገር ግን አንበጣ ሳይነግር ይመጣል፤ ልጅ ግን ወራት አስቀድሞ ያስታውቃልና ተተኪ ለማዘጋጀት ጊዜ አለ። አባትም በ4ኛው ቀን ሲመለስ እጁ ከማሳ፥ ልቡ ከአራስ ቤት ነው። ለሥራ ከአገሩ ርቆ የመጣ ሰው ዘመዱ ሩቅ ነውና፥ ውሃ የሚቀዳላት እንጨትም የሚፈልጥላት ማን አለ?

ስለዚህ የአባት ዕረፍት ቢያንስ 10 ቀን ይሁን እንላለን። ሕጉ እስኪሻሻል ባለ እርሻው በፈቃዱ ቢጨምር የሚከለክለው የለም፤ ሹሙም የተጻፈው 3 ቀን እንኳ በእርግጥ መሰጠቱን ይመርምር።