ስልኩ የማን ነው?



ባለፈው ሴሚስተር የፈተና ሳምንት ላይ፣ ከሱብሒ ሶላት ተመልሰን የዶርም ጓደኛዬ ስልኩን ሲከፍት ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ብቻ አገኘ። ያልከፈልከው ሒሳብ አለ፣ ስልኩ የሚሠራው ስትከፍል ነው የሚል። ሌላ ምንም አይከፈትም። መምህሩ የላኩት ፒዲኤፍ፣ ፎቶ ያነሳቸው ማስታወሻዎች፣ የቡድን ሥራው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ፈተናው ደግሞ 3 ሰዓት ላይ ነው። ስልኩን የወሰደው ከአንድ ድርጅት፣ ግማሹን ሳይሞላ ቅድሚያ ከፍሎ፣ ቀሪውን በየወሩ ሊከፍል ተስማምቶ ነው። የጎደለበት የአንድ ወር ክፍያ ብቻ ነበር።

ጓደኛዬ የሪራ ልጅ ነው። ሪራን ላላያችሁ፣ ከጎባ ወጥታችሁ የሳነቴን ብርድ ተሻግራችሁ ወደ ዶሎ መና ቁልቁል ስትወርዱ፣ ሜዳው አልቆ የሐረና ጫካ የሚጀምርበት አካባቢ ነው። አባቱ ማርና ቀርከሃ ይሸጣሉ፣ ጥቂት ከብቶችም አሏቸው። ማር ሲቆረጥ እቤት ገንዘብ ይኖራል። ከዚያ በኋላ ግን ወራት ሙሉ አንድ ብር የማይገባበት ጊዜ አለ። የወር ክፍያ የሚባለው ነገር የተሰላው ደመወዝ ለሚቀበል ሰው ነው። ወር በገባ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቀፎው ሞላ አልሞላ አያገባውም።

አሁን አሁን የቴሌኮም ድርጅቶች ከባንኮች ጋር ሆነው ስልክን በየወሩ በሚከፈል ሒሳብ መስጠቱን እያስፋፉ ስለሆነ፣ ጉዳዩ በጀመዓችን ውስጥ በተደጋጋሚ ይነሳል። የምሰማው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በካሽ 15 ሺሕ የሚሸጠውን ስልክ በስድስት ወር 18 ሺሕ መግዛት ሪባ አይደለም ወይ?» እኔ ኡስታዝ አይደለሁም፣ የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ግን ያነበብኩትን ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንፈራው ያልተከለከለውን ቦታ ነው፣ የተከለከለውን ደግሞ ሳናነብ እንፈርምበታለን።

አብዛኞቹ ኡለማዎች በዱቤ ሲሸጥ ዋጋው ከካሹ ከፍ ማለቱን ይፈቅዳሉ። የዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1990 ጂዳ ላይ ባደረገው 6ኛ ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 51 ይህንኑ አጽንቷል። ቅድመ ሁኔታው ሻጭና ገዢ ከመለያየታቸው በፊት አንዱን ዋጋ ቆርጠው መስማማታቸው ነው። «በካሽ ይሁን በክፍያ ቆይተን እናያለን» ተባብሎ መለያየት አይቻልም። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የጦር ልብሳቸውን አስይዘው እህል በዱቤ እንደገዙ በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ 18 ሺሕ ተቆርጦ 18 ሺሕ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ሽያጭ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ውሉ ገጽ ሁለት ላይ ነው። «ክፍያው በዘገየ ቁጥር በቀን ወይም በወር ይህን ያህል ፐርሰንት ይጨመራል» የሚል አንቀጽ ካለ፣ 18 ሺሑ 18 ሺሕ ሆኖ አይቀርም። ያው የአካዳሚው ውሳኔ ይህን በግልጽ ከልክሏል፤ አስቀድሞ የተጻፈም ይሁን ያልተጻፈ። ይህ በጃሂልያ ዘመን አበዳሪ ተበዳሪውን ወይ ክፈል ወይ ይጨመርብህ ይለው የነበረው ነገር ነው። በሱረቱል በቀራህ 280ኛ አንቀጽ ላይ የታዘዝነው ደግሞ የቸገረውን ሰው እስኪሻለው መጠበቅን ነው። «እኔ በጊዜው ስለምከፍል ቅጣቱ አይነካኝም» የሚል ወንድም አጋጥሞኛል። ጓደኛዬም ሲፈርም እንዲሁ ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይስማማበትን ልናገር። ስልኩ መቆለፉ ያናድዳል፣ በፈተና ቀን ደግሞ የበለጠ። ግን ከቅጣት ወለድ ይልቅ መቆለፉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም ከጎግል ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 «ሊፓ ምዶጎ ምዶጎ» ብሎ ሲጀምር ሰዉ በቀን 20 ሽልንግ እየከፈለ ስማርት ስልክ እንዲይዝ፣ ካልከፈለ ስልኩ እንዲቆለፍ አድርጎ ነበር። መቆለፍ ዕዳውን አንድ ሳንቲም አያሳድገውም። የፊቅህ አካዳሚውም ሻጭ ከሸጠ በኋላ ባለቤትነቱን ይዞ መቆየት አይችልም ቢልም፣ የተሸጠውን ዕቃ ለዕዳው መያዣ ማድረግን ፈቅዷል። ስልክ መቆለፍ እንደ መያዣ ይቆጠር አይቆጠር ኡስታዞቻችን ቢያብራሩልን ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው መነበብ ያለበት የሻጩ ስም ነው። ስልኩን የሚሸጥላችሁ ማን ነው? ድርጅቱ ራሱ በራሱ ዋጋ ከሸጠላችሁ አንድ ነገር ነው። ባንክ ገንዘቡን በስማችሁ አበድሮ ለድርጅቱ ከፍሎ፣ እናንተ ለባንኩ ጨምራችሁ የምትመልሱ ከሆነ ግን የገዛችሁት ስልክ ቢሆንም የተፈራረማችሁት ብድር ነው። ጭማሪው «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ በፐርሰንት ቢጻፍም ስሙ ጉዳዩን አይለውጠውም። በሙራበሓ ባንኩ ዕቃውን መጀመሪያ ለራሱ ገዝቶ፣ በእጁ አድርጎ ነው ትርፉን ነግሮ የሚሸጠው። በሀገራችን ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት በመደበኛ ባንኮች ወለድ አልባ መስኮቶች፣ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ስለዚህ «የወለድ አልባው ውል አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የሚያሳፍረው ሳይጠይቁ ከስልክ ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን ነው።

ስለ ኪራይም ይወራል። አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 አይፎንን በወር እያከራየ በኋላ የሚመልሱበትን መንገድ አምጥቶ ነበር። በኢጃራ ሕግ ንብረቱ የአከራዩ ነው፤ ተከራዩ ሳያጠፋና ሳይዘናጋ ዕቃው ቢጠፋ ኪሳራው የባለቤቱ ነው። አንድ ወረቀት «ኪራይ» ብሎ ጽፎ፣ ሮቤ መናኸሪያ ላይ ስልኩ ከኪሳችሁ ቢሰረቅ ሙሉውን ትከፍላላችሁ የሚል ከሆነ ኪራይም ሽያጭም አይደለም። ሲጠቅማቸው ስልኩ የእነሱ ነው፣ ሲጠፋ የእናንተ።

ለክፍያው ወገን የሚነሳ አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በተቆረጠ የብር ዋጋ በክፍያ የገዛ ሰው አተረፈ፤ ገንዘብ ላጠራቅም ብሎ የጠበቀው ስልኩ ከእጁ ራቀበት። ዋጋ በሚንርበት ሀገር የተቆረጠ ዋጋ ዋጋ አለው። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው በየወሩ መክፈል ለሚችል ሰው ነው። እኛ አብዛኞቻችን ገቢ የለንም፤ የምንፈርመው በአባታችን ገቢ ላይ ነው፤ አባታችን ደግሞ ውሉን አላዩትም።

«ያለ ስልክ ዛሬ መማር ይቻላል ወይ?» ትሉኛላችሁ። አይቻልም፣ እውነት ነው። ግን ፒዲኤፍ የሚከፍተው የ18 ሺሑ ብቻ አይደለም። ያገለገለና በርካሽ የተገዛም ይከፍተዋል፣ ካሜራው ትንሽ ቢደበዝዝም። (ካሜራው ለማስታወሻ ነው ወይስ ለቲክቶክ የሚለውን ለየራሳችን ልተወው።) ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የራሱ ወርሃዊ ገቢ የሌለው ተማሪ የወር ክፍያ ውል አይፈርም። ባለው ካሽ የሚችለውን ይግዛ። ካልሞላለት የሚያውቀው ባለሱቅ ጋ ሄዶ በአንድ ቀጠሮ በሚከፈል ዱቤ ይነጋገር። ማሊኪዮች «እስከ አዝመራ» የሚለውን ቀጠሮ ይቀበላሉ፤ እኛ ባሌዎች ግን አብዛኞቻችን የምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ ቀኑ ተለይቶ እንዲታወቅ ይፈልጋል። ማሩ የሚሸጥበትን ጊዜ አስቦ ቀኑን በቁጥር መጻፍ ነው እንግዲህ። ባለሱቁ «በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል» ቢልም ይጻፍ፤ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ዕዳን ስለመጻፍ የወረደው ነው። ከሱቅ የሚገዛ ስልክ ዋስትናው ደካማ መሆኑንም አልክድም፤ ቢያንስ ደረሰኝ አስቆርጡ።

የፈረመ ወይም ሊፈርም ያሰበ ካለ ውሉን ይዞ ይምጣ። ሐሙስ ከዐስር በኋላ ከመስጂዱ በር ላይ አብረን እናነበዋለን፣ ያልገባንን ለኡስታዝ እንጠይቃለን።

ጓደኛዬን በዚያ ጠዋት ያስከፈትነው ከዶርሙ ስድስት ልጆች አዋጥተን በቀርድ ሐሰን ነው፤ ፈተናውንም ደረሰ፣ አልሐምዱ ሊላህ። ለእኛ ያለበትን በሁለት ጊዜ መልሷል። ለድርጅቱ ገና ሦስት ክፍያ ይቀረዋል። ባለፈው ወር አባቱ አንድ ጄሪካን ማር አሸክመው ሊጠይቁት መጥተው ነበር። ስልኩን አገላብጠው አዩትና «ማሻአላህ፣ ጥሩ ዕቃ ገዛህ» አሉት። እሱም «አዎ አባ» አላቸው።